የስፖርት መኪና ከትናንት እስከ ዛሬ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ወሎ ውስጥ የመኪና ጨዋታ የሚደምቀው ጋራዥ በር ላይና ቡና ላይ ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎችም የመጡት ከዚያው ነው። ጠያቂዎቹ ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ ተማሪዎችና መኪና የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር አልቋል። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ብዙ ሰው የስፖርት መኪናን ታሪክ የሚለካው በፍጥነት ብቻ ነው። ስንት ትሮጣለች? በቃ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ለሚወርድና ለሚወጣ ሰው ግን ከዚያ የሚበልጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እንዴት ትቆማለች? ኩርባ ላይ መንገዱን እንዴት ትይዛለች? እንዴት ትተነፍሳለች? ትልልቆቹ ለውጦች የመጡት በእነዚህ በኩል ነው። ዛሬ እናንተ የምትነዷት ተራ መኪና ውስጥ የገቡትም እነሱ ናቸው።

ስፖርት መኪና የሚባለው የትኛው ነው? ሁለት በር ያለው ሁሉ?

አይደለም። ስፖርት መኪና ማለት ከጭነትና ከምቾት በፊት የመንዳት ደስታ ታስቦ የተሠራች መኪና ናት። ቀለል ያለች፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ መሪዋ ቶሎ የሚታዘዝ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወንበር ነው ያላት። ብዙ ጉልበት የግድ አይደለም። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በ1989 ስትወጣ 1.6 ሊትር ሞተርና 115 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ዛሬ ብዙ የቤት መኪና ይበልጣታል። ግን ስፖርት መኪና አይደለችም የሚል አላጋጠመኝም። በተቃራኒው 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ላንድክሩዘር ስፖርት መኪና አይሆንም።

ሱፐርካር የሚባሉት የዚሁ ቤተሰብ ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው። ድንበሩ በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ብዙ አትጨቃጨቁ።

መቼ ተጀመረ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ነበረ። እንግሊዝ አገር ኤምጂ በ1920ዎቹ ከተራ የሞሪስ መኪና ዕቃ እየወሰደ ትንንሽ ፈጣን መኪኖች ይሠራ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ቡጋቲ በ1924 ታይፕ 35 የምትባለዋን የውድድር መኪና አወጣ።

ዓለም ስፖርት መኪና የለመደው ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው። እንግሊዝ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ኤምጂን ወደዷት። በ1945 የወጣችውን ኤምጂ ቲሲን እየገዙ አገራቸው ይዘው ገቡ። የዚህች መኪና ጉልበት 54 ፈረስ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዋ ቪትዝ እንኳን ትበልጣታለች። የአካሏ ቆርቆሮ የተመታው እንጨት ላይ ነበር። አሜሪካኖቹ ያኔ የሚያውቁት ሰፊና ከባድ መኪና ነው። እንዲህ ያለች ቀላል ነገር ኩርባ ላይ ስትገባ የሚሰማውን ስሜት አያውቁትም ነበር።

በ1948 ጃጓር ኤክስኬ120ን ለንደን ላይ አሳየ። 3.4 ሊትር፣ 160 የፈረስ ጉልበት። ቁጥሩ የፍጥነቷ ነው፤ 120 ማይል በሰዓት፣ በእኛ 193 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዘመኗ ለገበያ ከቀረቡት ሁሉ ፈጣኗ ነበረች።

ቮልስና ፖርሽ ዘመዳሞች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የቅርብ ዘመድ ናቸው። ቮልስን በ1930ዎቹ የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፈሪ ፖርሽ ደግሞ በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያዎቹን ፖርሽ 356ዎች ሠራ። ሞተሩም እግሩም ከቮልስ የተወሰደ ነበር፤ ከዚያ አሻሻሉት። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ጋደም ያለ ባለ አራት ፒስተን ሞተር፣ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ። የቮልስን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው የ356ን ሞተር ቢያይ አይደናገርም።

በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ተተኪዋ 911 ታየች። ባለ ስድስት ፒስተን፣ ሁለት ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ አሁንም ከኋላ፣ አሁንም ያለ ራዲያተር። በውሃ ወደሚቀዘቅዝ ሞተር የተሻገሩት 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከ60 ዓመት በላይ መልኳንና የሞተሯን ቦታ ጠብቃ የዘለቀች ሌላ ስፖርት መኪና አላውቅም።

ላዳ የነዳችሁም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደላችሁም። ላዳ የተወለደችው ከጣሊያኗ ፊያት 124 ነው። በ1966 ፊያት ከዚያው ከ124 ቤተሰብ ክፍት ጣሪያ ያላት ስፓይደር የምትባል ስፖርት መኪና አወጣ። አካሏን የነደፈው የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ከተራ መኪና ሆድ ነው የምትወጣው።

መርሴዲስ ወደ ላይ የሚከፈት በር የሠራው ለውበት ነው?

ለውበት አይደለም። በ1954 የወጣችው 300 ኤስኤል ሻንሲዋ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ የተበየደ ነው። ቀላልና ጠንካራ እንዲሆን ቱቦዎቹ በጎን በኩል ከፍ ብለው ያልፋሉ። ለተራ በር ቦታ አልተረፈም። ስለዚህ በሩን ከጣሪያው ላይ አንጠለጠሉት። ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ያመጡት መላ ነው ዓለምን ያሳበደው።

ከበሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሞተሩ ነው። ካርቡራቶር የለውም። ቤንዚኑ በፓምፕ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። ለሕዝብ በተሸጠ ባለ አራት ምት የመኪና ሞተር ላይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች የሚኮሩበት ቀጥተኛ ኢንጀክሽን ያኔ መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሐረጎ ላይ ፍሬን እየጋለ ያስቸግራል። ስፖርት መኪኖች ይህን እንዴት ፈቱት?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ይወረዳል። መኪናዋ ከፍታ ላይ ይዛው የነበረው ጉልበት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን ካላስያዘው፣ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ሸራና ታምቡር ላይ ያርፋል።

ታምቡር ዝግ ነገር ነው። ሸራው ከውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል። ሙቀቱ መውጫ የለውም። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ሸራውም መያዙን ያቆማል። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከአይሱዙ የወጣ ሸራ አይቻለሁ። ፊቱ ተቃጥሎ ያብረቀርቃል። በጥፍር ቢፍቁት አይጫርም። መካኒኩ ገልብጦ ጎኑ ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳየኝ። ሚስማሮቹ ራሳቸው ታምቡሩን መብላት ጀምረው ነበር። ረዳቱ ታኮ ይዞ የሚዘልበት ቀን የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ሸራ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሂድ። የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ መንገድ ነበረው። መጨረሻው ላይ ሹል ኩርባ አለ። መኪኖቹ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ መጥተው እዚያ መቆም አለባቸው፤ ደግመው ደጋግመው፣ ሌሊቱን ሙሉ። በ1953 ጃጓር ሲ-ታይፕ የምትባለዋን መኪና በዲስክ ፍሬን ይዞ ቀረበ። ከደንሎፕ ጋር ነው የሠሩት። ዲስክ ክፍት ነው። ነፋስ ያገኘዋል። ሲግል ቢወፍር እንኳን ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ አይርቅም። የጃጓር ሹፌሮች ከሌሎቹ ዘግይተው ፍሬን ይይዙ ነበር። ሌሎቹ ታምቡራቸው እየደከመ ሲሄድ የእነሱ ሌሊቱን ሙሉ አልከዳቸውም። ውድድሩን አሸነፉ። አማካይ ፍጥነቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትርን አለፈ።

ልብ በሉ። ያቺ መኪና በጉልበት ብቻ አይደለም የቀደመችው። ስለምትቆም ነው።

በ1956 ትራያምፍ ቲአር3 የፊት ዲስክ ይዛ ለገበያ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ ትንሿ የቤት መኪና እንኳን ቢያንስ የፊት ጎማዋ ዲስክ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፖርሽ የሴራሚክ ዲስክ አመጣ። ቀላል ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ዲስክ ስላላችሁ ግን ሐረጎን በአምስተኛ ማርሽ አትውረዱ። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ሕግ አሁንም ትክክል ነው።

ሞተሩን ከሹፌሩ ጀርባ መሃል ላይ ማድረግ ምን ይጠቅማል?

ከመኪና ዕቃ ሁሉ ከባዱ ሞተሩ ነው። ከባዱ ነገር መሃል ላይ ሲቀመጥ መኪናዋ ለመዞር ቶሎ ትታዘዛለች። ውድድር ላይ ይህ ቀድሞ ታወቀ። መንገድ ላይ ያደመቀው ግን ላምቦርጊኒ ነው፤ ትራክተር ይሠራ የነበረው ፌሩቾ ላምቦርጊኒ። በ1966 ጄኔቭ ላይ ሚዩራን አሳየ። ባለ 12 ፒስተን ሞተር ከወንበሩ ጀርባ በአግድም ተኝቷል። ከእሷ በኋላ ሱፐርካር ሲባል ሰው በሐሳቡ የሚያየው ቅርጽ ይኸው ሆነ።

የአሜሪካኗ ኮርቬት በ1953 በፋይበርግላስ አካል ተወለደች። ሞተሯ ከፊት ነበር። ወደ መሃል ያዞሩት በ2019 ነው። 66 ዓመት ፈጀባቸው።

በ1970ዎቹ ምን ነካቸው?

ነዳጅ ተወደደ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። አሜሪካም የጭስና የግጭት ደንብ አጠበቀች። ሞተሮች ታፈኑ። የ1975 ኮርቬት 5.7 ሊትር ሞተር ይዛ መነሻ ጉልበቷ 165 ፈረስ ብቻ ነበር። ዛሬ ያንን ጉልበት ከ1.5 ሊትር ቱርቦ ታገኙታላችሁ።

መልክ ግን በዚያ ዘመን አልሞተም። ላምቦርጊኒ ካውንታሽ በ1971 ለትርኢት ቀርባ በ1974 ለሽያጭ ወጣች። ወጣቶች ግድግዳ ላይ የሚለጥፏት እሷን ነበር።

ጃፓኖችስ? ቶዮታ ስፖርት መኪና ነበረው?

ነበረው እንጂ። ቶዮታ በ1967 2000ጂቲን አወጣ። በጣም ሸጋ መኪና ናት፤ ግን ጥቂት ብቻ ነው የተሠራችው። ለብዙ ሰው የደረሰችው በ1969 የወጣችው ዳትሰን 240ዜድ ናት። ባለ ስድስት ፒስተን ሞተር፣ ቄንጠኛ አካል፣ ከአውሮፓውያኑ የረከሰ ዋጋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አትሰበርም።

እንዴት ታወቀ? ጎረቤታችን ኬንያ መሰከረች። የሳፋሪ ራሊ አቧራ፣ ጭቃና ድንጋይ ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች መኪናቸውን ልከው ሻንሲው ተሰንጥቆ ይመለስ ነበር። 240ዜድ በ1971 አሸነፈች፣ በ1973 ደገመች። በኋላም የቶዮታ ሴሊካ ቱርቦ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ ወሰደችው። ስፖርት መኪና የአስፋልት ነገር ብቻ ነው ለሚል ሰው እኔ የምጠቅሰው ይህን ነው።

ኮሮላ ለምታውቁ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። በ1983 አዲሷ ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ገፊ ስትቀየር፣ ባለ ሁለት በሯን ኤኢ86 በኋላ ገፊ አስቀሯት። 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ። የጃፓን ወጣቶች ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዋን እያንሸራተቱ መንዳት ተማሩባት። መንገዱ ከሐረጎ ብዙም አይለይም። እባካችሁ እዚህ አትሞክሩት፤ የእኛ መንገድ ላይ ከኩርባው ማዶ ሲኖትራክ አለ።

በ1990 ሆንዳ ኤንኤስኤክስ መጣች። አካሏ በሙሉ አሉሚኒየም ነው። ስትሞከር የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው አይርተን ሴና ነድቷት አስተያየት ሰጥቷል። ጣሊያኖቹ ያኔ ስፖርት መኪና አስቸጋሪ ካልሆነ አያምርም ብለው የሚያስቡ ይመስሉ ነበር። ሆንዳ ጠዋት ቁልፍ አዙሮ ሥራ የሚያደርስ ሱፐርካር እንደሚቻል አሳያቸው።

ደሴ ላይ መኪናዬ ለምን ይደክማል? ቱርቦስ ምን ያደርጋል?

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየር ሲሳሳ ጉልበት ይቀንሳል። ቱርቦ የሌላት ሞተር ደሴ ላይ የጉልበቷን ሩብ ያህል ታጣለች። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ፈረስ የነበራት መኪና ደሴ ፒያሳ ስትደርስ 75 አካባቢ ይቀራታል። አብሽሩ፣ መኪናችሁ አልታመመችም።

ካርቡራቶር ያላት ከሆነች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ካርቡራቶሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ስለዚህ ከሚሌ የወጣች አሮጌ መኪና ደሴ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ኢንጀክሽን ያላት በሴንሰር ለክታ ራሷን ታስተካክላለች።

ቱርቦ ቀድሞ ከተፈለገባቸው ነገሮች አንዱ አውሮፕላን ነው፤ ምክንያቱም ከፍታ ነው። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር ነው። እዚያ አናት ላይ ቱርቦውን ገጥሞ ሞከረው። ሞተሩ ያጣውን ጉልበት መለሰ። አሠራሩ ቀላል ነው። በማርሚታ በከንቱ የሚወጣው ጭስ አንድ ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። ተርባይኑ በዚያው ዘንግ ላይ ያለ ሌላ ጎማ ያዞራል። ያኛው አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል።

የቤት መኪና ላይ የገባው በ1962 አሜሪካ ውስጥ ነው። ኦልድስሞቢል ጄትፋየር አንዷ ነበረች። ሞተሩ እንዳይመታ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ለብቻው ይሞላላት ነበር። ባለቤቶቹ መሙላቱን ይረሳሉ። ብዙዎቹም ቱርቦውን አስወጡት። ከዚያ ቢኤምደብልዩ በ1973፣ ፖርሽ ደግሞ በ1975 ሞከሩት። የፖርሽ 911 ቱርቦ 3 ሊትርና 260 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ችግሯ መዘግየቷ ነው። ቤንዚን ትረግጣላችሁ፣ ምንም የለም። ኩርባው መሃል ላይ ስትደርሱ ጉልበቱ ባንዴ ይፈነዳል። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ደንግጣችሁ እግራችሁን ብታነሱ ኋላዋ ይቀድማችኋል። ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ዛሬ ኮምፒውተርና የተሻለ ተርባይን ስላለ መዘግየቱ እምብዛም አይሰማም።

ቱርቦ ያላችሁ ሹፌሮች አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ወዲያው ሞተር አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ቱርቦው ግሎ ሳለ ዘይቱ ከቆመ፣ ዘይቱ እዚያው ዘንጉ ላይ ያርራል። ቱርቦ የሚሞተው በዚህ ነው።

አራቱም ጎማ የሚገፋ ስፖርት መኪና ማን ጀመረው?

ከኦዲ በፊት የሞከሩ ነበሩ። ዓለምን ያሳመነው ግን ኦዲ ኳትሮ ነው፤ በ1980 ጄኔቭ ላይ። ቱርቦና አራት ጎማ ገፊ አንድ ላይ። ያኔ አራት ጎማ ገፊ ማለት ለጭቃና ለእርሻ ነበር። ራሊ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ጠጠርና በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ኳትሮ መሬቱን ይዞ ይሄዳል።

በዚህች መኪና ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን በ1981 የሳንሬሞን ራሊ አሸነፈች። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድርን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1982 ሦስት አሸንፋ በዓመቱ ድምር ሁለተኛ ወጣች። በ1985 ደግሞ ሞስ ቱርቦውን የሞከረበትን ያንኑ ተራራ፣ ፓይክስ ፒክን፣ በኳትሮ ከሁሉም ቀድማ ወጣችው። ያኔ መንገዱ አስፋልት አልነበረውም።

ኮምፒውተር ስፖርት መኪናን አበላሸው?

ሁለት መልስ አለኝ። ደህንነት ላይ አላበላሸም። ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በ1978 መርሴዲስ ላይ ገባ። መኪና እንዳትሽከረከር የሚይዘው ሲስተም በ1995 ተከተለ። ዝናብ ላይ የስንቱን ነፍስ አትርፈዋል።

ማርሽ ላይ ግን ይቆጨኛል። ፌራሪ በ1997 በኤፍ355 ላይ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየር ማርሽ አመጣ። በ2003 ቮልስዋገን ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ለገበያ አወጣ። ከሰው እግር ይፈጥናል። ዛሬ ብዙዎቹ ሱፐርካሮች የፍሪሲዮን ፔዳል የላቸውም። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን አመጣጥኖ የመነሳት ችሎታ ግን ለእኔ የሹፌርነት ግማሽ ነው። ደሴ ሠፈር ውስጥ ያደገ ያውቀዋል።

በታሪክ ፈጣኗ የቷ ናት?

በየዓመቱ ስለሚቀያየር ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በ1992 የወጣችው ማክላረን ኤፍ1 የመጀመሪያዋ ሙሉ የካርቦን ፋይበር ሻንሲ ያላት የመንገድ መኪና ናት። ሹፌሩ መሃል ይቀመጣል፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ። የሞተሩ ክፍል ሙቀት እንዲመልስ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል። በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጠች፤ ያለ ምንም ቱርቦ። ከዚያ በ2005 ቡጋቲ ቬይሮን መጣች። 16 ፒስተን፣ 4 ቱርቦ፣ 1,001 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር።

እኔ ማክላረንን እመርጣለሁ። አንድ ቶን ገደማ ነው ክብደቷ። ቬይሮን ወደ ሁለት ቶን ትጠጋለች። ክብደት በጉልበት ሊሸፈን ይችላል፤ ኩርባና ፍሬን ላይ ግን መልሶ ይጠይቃል።

ኤሌክትሪክ መኪና ስፖርት መኪና ሊሆን ይችላል?

ሆኗል እኮ። ቴስላ በ2008 የመጀመሪያ ሮድስተሩን ያወጣው ቀላል በሆነችው የእንግሊዟ ሎተስ ኤሊዝ ላይ ተመሥርቶ ነው። ክሮኤሺያ ውስጥ የምትሠራው ሪማክ ኔቬራ ባለ አራት ሞተር፣ 1,914 የፈረስ ጉልበት ናት። ከ0 ወደ 100 ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይፈጅባትም።

ለእኛ የሚገርመው ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጅቡቲ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ ያው ነው። በ2018 የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ ውድድር መኪና በሮማን ዱማ እጅ ፓይክስ ፒክን በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጣች። ከ8 ደቂቃ በታች የወጣ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቤንዚን መኪኖቹ ወደ አናቱ ሲጠጉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እሷ አላጠራትም።

ቁልቁለቱስ? 1,500 ኪሎ የምትመዝን ኤሌክትሪክ መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ ወደ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ትለቃለች። ታምቡር ላይ ያርፍ የነበረው ሙቀት ማለት ነው። ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚያ የተወሰነውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ዲስኩ ቀዝቃዛ ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ ይህን እያንዳንዳችሁ በቅርቡ ታዩታላችሁ።

እንከኗ ክብደቷ ነው። ኔቬራ ከሁለት ቶን በላይ ናት።

ስፖርት መኪና ወሎ ውስጥ መንዳት ይቻላል?

ዋና አስፋልት ላይ ይቻላል፤ ይመቻል ግን አልልም። ብዙዎቹ ሆዳቸው ከመሬት 10 ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ከፍታው። የከተማ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይፈጃቸዋል። ሰፊ ጎማቸውን ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ቀረጡም አለ። ሰኞ ባቲ ገበያ ቀን በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጋሪውን አስቡት። እዚያ 400 ፈረስ ምን ይሠራል?

ደስታውን የሚፈልግ ሰው ያለውን መኪና ያስተካክል። ጥሩ ጎማ፣ ትክክለኛ የጎማ ንፋስ፣ አዲስ ሸራ፣ ያልደከመ ባሌስትራና ሞላ። ልዩነቱ ከፒያሳ ሳትወጡ ይሰማችኋል።

ልጄ መኪና ብቻ ነው የሚያወራው። ምን ይማር?

ፊዚክስና ሒሳቡን ያጠንክር። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። እጁን ማፍታታት ከፈለገ ቴክኒክና ሙያ አለ። የኤሌክትሪኩን ክፍል ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ የባትሪና የሞተር ቁጥጥር የሚያውቅ መካኒክ ገና ጥቂት ነው፣ መኪኖቹ ግን እየገቡ ነው። በትርፍ ሰዓቱ ጋራዥ ሄዶ ታምቡር ሲፈታ ይይ። ከመንካቱ በፊት ግን የአሮጌ ሸራ ብናኝ አፍና አፍንጫ እንዳይገባ ይሸፈን፤ አንዳንዱ አስቤስቶስ አለበት።